ከዋንዛ ቁራጭ ትልቅ የእንጨት ዓሣ ሠርቶ ባሮ ላይ ናይል ፐርች ማጥመድ

ከጅማ ተነስቶ ለናይል ፐርች ጋምቤላ የሚወርድ ሰው ቦርሳው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጣት የምታህል የፕላስቲክ ማባበያ ናት። ዓሣ ትይዛለች፤ የምትይዘው ግን የአንድና የሁለት ኪሎውን ነው። ትልቁ ሲመጣባት ደግሞ ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና መንጠቆው ብቻውን ይሄዳል። ናይል ፐርች እስከ ሁለት ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ሊደርስ የሚችል፣ ዓሣን እንዳለ የሚውጥ ሥጋ በል ነው። በፕላስቲኳ ፈንታ እዚህ የምንሠራው 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ዓሣ ለእኛ ግዙፍ ይመስላል፤ አንድ ሜትር ለሚሆን ፐርች ግን አንድ ጉርሻ ነው። ትንንሾቹ ስለሚፈሩት ቀኑን ሙሉ ምንም ላይነካው ይችላል፤ ይህንን የማይችል ሰው ትንሿን ይዞ ይሂድ።

ጅማ የበርጩማ አገር ናት፤ እንጨት የሚገባው እጅም፣ የዋንዛ ቁራጭም አይጠፋባትም። የሚያስቸግረው ቅርጹ አይደለም፤ ሚዛኑ ነው። ከሥራው ግማሹ የሚያልቀው ባልዲ ላይ ተጎንብሶ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ይህ የእንጨት ዓሣ ለግልገል ጊቤ ግድብ የሚሆን አይደለም። የዚያ ነጭ ዓሣ፣ ዝዋይ ላይ ቢልጫ የሚሉት፣ አፉ ትንሽ ስለሆነ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነች የማንኪያ ቅርጽ ያላት ብረት ትበቃዋለች። ቀረሶ (ቲላፒያ) ደግሞ የእንጨት ዓሣ ዞር ብሎም አያይም።

ወደ ባሮ የሚወረደው በጸደይ ነው፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ወንዙ ጎድሎ ዓሣው ጥልቅ ቦታዎች ላይ ሲሰበሰብ። የእንጨቱ ሥራ ግን በጥርና በየካቲት ማለቅ አለበት። የጅማ ዝናብ ከጀመረ በኋላ የተቀባ ቬርኒሽ ቶሎ አይደርቅም፤ ቀለሙም ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል።

እንጨቱ

ከቤት ዕቃ ሠሪዎች የጠረጴዛ ወይም የአልጋ እግር ትርፍራፊ ጠይቁ። ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከቁራጭ በላይ አያስፈልግም። ዋንዛ ለመቅረጽ የሚመች፣ ሲደርቅ ቀለል የሚል እንጨት ነው። ግራቪሊያም ይሠራል፣ ትንሽ ይከብዳል። ባሕር ዛፍን ተዉት፤ ከባድ ነው፣ ይሰነጠቃልም።

መድረቁን በዓይን ማወቅ አይቻልም። 18 በ4 በ2.2 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አራት ማዕዘን ቁረጡና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። የደረቀ ዋንዛ በዚህ መጠን ከ70 እስከ 85 ግራም ገደማ ይመጣል። ከ95 ግራም በላይ ካነበባችሁ ወይ አልደረቀም፣ ወይ ሻጩ ዋንዛ ያላችሁ ሌላ ነገር ነው። ከጣሪያ ሥር፣ ጭስ በማይበዛበት ቦታ አስቀምጡትና በየሳምንቱ መዝኑ፤ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ካልቀነሰ ደርቋል።

እርጥብ እንጨት የሚያደርሰው ጉዳት ጅማ ላይ አይታይም። ጋምቤላ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ከዚያም በላይ ይግላል። ውስጡ የቀረው እርጥበት መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን እንደ ቃጠሎ ቁስል ያሳብጠዋል።

ሽቦ፣ ምላስ፣ እርሳስ

ዓሣውን የሚይዘው እንጨቱ ሳይሆን በውስጡ ከአፍ እስከ ጅራት የሚያልፈው አንድ ወጥ ሽቦ ነው። እንጨት ላይ የሚጠመዘዝ ባለ ቀለበት ብሎን ቀላል መስሎ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ትልቅ ፐርች ራሱን ሲያወዛውዝ ከነጥርሱ ይነቀላል። አርጎን የሚበይዱ ቤቶች 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የማይዝግ የብየዳ ዘንግ አላቸው። አንዱ ዘንግ ለሁለት ዓሣ ይበቃል።

ምላሱ፣ ማለትም ከአገጩ ሥር ወጥቶ ዓሣውን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዘው ቁራጭ፣ ከአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠሪዎች ከሚተርፍ 2 ሚሊ ሜትር ንጣፍ ይወጣል። ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከእንጨቱ ውጭ የሚቀረው ርዝመትም 25 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት፣ ክር ይቆርጣል።

እርሳስ ጎሚስታ ቤት ይገኛል፦ ከጎማ ላይ የተነሱ አሮጌ የባላንስ ክብደቶች። ሁሉም እርሳስ አይደሉም፤ በጥፍር ሲቧጠጥ ምልክት የማይቀበለው ብረት ወይም ዚንክ ነው፣ ተዉት። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው፣ ከሰል ላይ ይቀልጣል፤ ጭሱ ግን መርዝ ስለሆነ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ዳግም ምግብ በማይሠራበት ቆርቆሮ ይሁን። ውሃ የነካው እርሳስ የቀለጠው ውስጥ ከገባ ይፈነዳል።

ቁረጡ፣ ከዚያ ቅረጹ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ዋና ስህተት ነው። ክፍተቶቹ ሁሉ የሚቆረጡት እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን እያለ ነው። ከተጠረበ በኋላ ቀጥ ያለ መስመር የሚያስይዝ ጎን አይኖርም፤ ምላሱ ግማሽ ዲግሪ ከተጣመመ ዓሣው ዕድሜውን በጎኑ ይዋኛል።

በሆዱና በጀርባው መሃል መስመር አስምሩ። ለምላሱ ከአፍንጫው 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ ከሆዱ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ፣ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቁረጡ። ምላሱ ይበልጥ ከተጋደመ ዓሣው ጠልቆ ይሄዳል፤ ወደ መቆም ካደላ ላይ ላዩን ይቀራል። ለጎደለ ባሮ 45 ልክ ነው። ከዚያ በሆዱ መሃል መስመር ላይ ከአፍ እስከ ጅራት በ2 ሚሊ ሜትር መጋዝ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሰንጥቁት። ምላሱ የሚገባበትን ቦታ ሽቦው ከላይ በኩል እንዲያልፍ እዚያ ላይ ትንሽ ጠለቅ አድርጉ።

አሁን ቅረጹ፦ በመላጊያ፣ በሞረድ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ 80 ቀጥሎ 240። ጭንቅላቱ ወፍራም፣ ጅራቱ ቀጭን ይሁን። ቅርፊትና ዓይን መቅረጽ ደስ ይላል፤ ዓሣው ግን አይከፍላችሁም።

ሽቦውን ሞርሳ ላይ በፒንሳ አጥፉት፦ አንድ ቀለበት አፍንጫ ላይ፣ አንድ ከአፍንጫው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ሆድ የወጣ፣ አንድ ጅራት ላይ። ቀለበቱ ሲዘጋ ሽቦው በራሱ ላይ ሦስት ዙር ይጠምጠም፤ አንድ ዙር ብቻ ከሆነ ይፈታል። በሆዱና በጅራቱ ቀለበት መካከል 13 ሴንቲ ሜትር እንዲቀር የተደረገው ሁለቱ መንጠቆዎች እንዳይያያዙ ነው። ስንጥቁን ባለሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ሙጫ ሙሉት፣ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ። የዋንዛ ዱቄት ቢገባበት አይፈስም። አንድ ቀን ተዉት።

ባልዲው

መጀመሪያ እንጨቱን አንድ ጊዜ ቬርኒሽ ቀቡት፣ ካልሆነ ውሃ ጠጥቶ ሚዛኑን ያሳስታል። መንጠቆዎቹንና ቀለበቶቹን በሙሉ አስገቡለት፤ ያለ መንጠቆ የተለካ ዓሣ ከመንጠቆ ጋር ሌላ ዓሣ ነው። እርሳሱን በ5 ግራም እየቆረጣችሁ ሆዱ ላይ በፕላስተር ለጥፉና ባልዲ ውስጥ ልቀቁት።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦ ጀርባው ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ከውሃው በላይ ታይቶ፣ አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ብሎ፣ በጣት ጎኑን ስትጫኑት ወዲያው ቀጥ ሲል። በጎኑ ከተኛ ክብደቱ አንሷል ወይም ወደ ላይ ተቀምጧል። ጅራቱ ከሰጠመ እርሳሱን ወደ ፊት ግፉ። ቀጥ ብሎ ግን ሲነካ እንደ ድንጋይ ዝም ካለ ከብዷል፤ ውሃ ውስጥ ሲጎተት አይወዛወዝም። በዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ግራም ይበቃል፤ አንዱ ግማሽ ከሆድ ቀለበቱ በፊት፣ ሌላው ከኋላው።

ቦታው ሲታወቅ በ10 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ሆዱን ብሱ። እርሳስ ከባድ ነውና 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ 5 ግራም ገደማ ይይዛል። የቀለጠውን በቀጥታ አታፍስሱበት፣ እንጨቱ ይቃጠልና እርሳሱ ሲቀዘቅዝ ይላላል፤ በሌላ ደረቅ እንጨት ላይ እኩል ቀዳዳ ብሱና እዚያ አፍስሱት፣ ሲቀዘቅዝ አውጥታችሁ በመዶሻ አስገቡት፣ በኤፖክሲ ድፈኑት።

ምላሱን አሁን አጣብቁ። ቀለሙ ብዙ ወሬ የለውም፦ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ፣ የመኪና ስፕሬይ። ከላይ ሁለት ጊዜ ኤፖክሲ፣ እየደረቀ ሳለ እንዳይንጠባጠብ በየጊዜው እያገላበጣችሁ። ያለቀው ከ85 እስከ 95 ግራም ይመዝናል።

ለመሞከር ጅማ ዳር ያለው ቦዬ ረግረግ አትሂዱ፣ ጉማሬ አለበት። ግልገል ጊቤ ዳር ሦስት ሜትር ክር አውጥታችሁ ጎትቱት። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ወደ ግራ ከሄደ የአፍንጫውን ቀለበት በፒንሳ በጣም በጥቂቱ ወደ ቀኝ እጠፉ፤ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ግራ።

ከጅማ ሱቅ የማይተካው

መንጠቆ፣ ቀለበትና ክር ላይ አትቆጥቡ። መንጠቆው ባለሦስት ጥፍር፣ ቁጥር 4/0፣ ወፍራሙ ዓይነት። የቁልፍ መያዣ ቀለበት ቅርጹ አንድ ቢሆንም ጠንከር ባለ ጉተታ ይከፈታል። በቀለበቱና በመንጠቆው መካከል ጠንካራ ስዊቭል፣ ማለትም በራሱ ላይ የሚሽከረከር ማያያዣ፣ ጨምሩ፤ ፐርች እየዘለለ ራሱን ሲነቀንቅ 90 ግራም እንጨት እንደ መፈንቀያ ሆኖ መንጠቆውን ከአፉ ይነቅላል፣ ስዊቭሉ ይህን ጉልበት ያከሽፋል። ስዊቭል ስትጨምሩ መንጠቆዎቹ እርስ በርስ አለመድረሳቸውን ደግማችሁ እዩ።

ክሩ 30 ኪሎ የሚችል የተገመደ፣ ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የ1 ሚሊ ሜትር ናይለን። የፐርች ጥርስ ደቃቅ ቢሆንም እንደ ሞረድ ይፍቃል፣ የጉንጩ ክዳን ደግሞ ስለት አለው። ባሮ ውስጥ ጥርሱ ስለታም የሆነው ታይገር ዓሣም ስላለ ከማባበያው በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ይግባ። የማጥመጃው ዘንግ እስከ 120 ግራም የሚወረውር ካልሆነ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ዓሣ ሲይዝ ሳይሆን ገና ስትወረውሩ ነው።

መንገዱና ውሃው

ከጅማ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ ስትወርዱ ባሮን ከሩቅ ማንበብ ይቻላል። ድዴሳ ደፍርሶ ብታዩት አትደንግጡ፣ እሱ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ከበደሌ አልፎ ያዮ አካባቢ የምትሻገሩት ገባ ግን ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን የሚሠራው ነው። እሱ ቡና መስሎ ከወረደ ባሮም ይከተላል፤ ያኔ ጠቆር ያለ የእንጨት ዓሣ ምረጡ፣ ጎላ ብሎ ይታያል። ጋምቤላ እንደደረሳችሁ ስለ ፈቃድና ስለ መንገዱ ሁኔታ የክልሉን ግብርና ቢሮ ጠይቁ፣ የአካባቢውን አሳ አስጋሪም ይዛችሁ ውጡ።

አዞውን በቀልድ አትውሰዱት። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ጋምቤላ ላይ ሲዋኝ በአዞ ተገድሏል። ከውሃው ሦስት ሜትር ራቁ፤ የተጠላለፈ ማባበያ ለማስለቀቅ ውሃ ውስጥ አይገባም። የእንጨት ዓሣ ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ክሩን ስታላሉት ራሱ ይንሳፈፋል፣ ብዙ ጊዜም ከግንዱ ይላቀቃል።

ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው አንድ ሰዓትና የማለዳው ጎህ ነው። ፈጣኑ ውሃ ከዘገምተኛው ጋር የሚተሻሽበትን መስመር፣ አለት ጀርባን፣ የአሸዋ ደለል አልቆ ወንዙ በድንገት የሚጠልቅበትን ጠርዝ ፈልጉ። ማዶ ማዶውን ወርውሩና ክሩን ወጥሩ፣ ወንዙ ራሱ ያዋኘዋል። ሪሉን፣ ማለትም የክሩን ማጠንጠኛ፣ ምላሱ ሲወዛወዝ በእጃችሁ እስኪሰማችሁ ድረስ ብቻ አዙሩ፤ ሁለት ሰከንድ ማዞር፣ አንድ ሰከንድ ማቆም። በፍጥነት የተጎተተ ትልቅ ማባበያ ምግብ አይመስልም።

ሲመታ አትደንብሩ። ፐርች አፉን በድንገት ከፍቶ ስለሚስብ መጀመሪያ የምትሰሙት አንድ ድም ያለ ምት ነው። ክብደቱ እስኪመጣ ጠብቁና ዘንጉን ወደ ጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ወደ ላይ ከሳባችሁት ዓሣውን ራሳችሁ አዘለላችሁት ማለት ነው። የሪሉ ፍሬን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ላይ ይሁን።

ዳር ሲደርስ መንጠቆውን በረጅም ፒንሳ እንጂ በእጅ አትንኩ፣ የሆድ መንጠቆ አንዱ ጥፍር ሁልጊዜ ነጻ ነው። ሽቦ መቁረጫ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ እጅ ላይ የተሰካን መንጠቆ ለማውጣት ሌላ ነገር አይበጅም። ትልልቆቹ በአብዛኛው እንስት ስለሆኑ መመለስ ይሻላል፤ በአገጭ አንጠልጥላችሁ ፎቶ አትነሱ፣ ሆዱን ደግፉ።

ከዚያ የእንጨቱን ዓሣ እዩት። ጥርሱ ቀለሙን የላጠበት ቦታ ካለ በጨርቅ አድርቁና የጥፍር ቀለም ቀቡት፣ እስኪደርቅ ሁለተኛውን ወርውሩ።