ምጣዱን ከካቢኔቱ ሥር አውጡልኝ፦ ኪችን ካቢኔት የሚያበላሹ ስህተቶች

ሥራዬ ኪችን ካቢኔት መሥራት ነው። አሁን አሁን ግን ከአዲስ ትእዛዝ ይልቅ የጥገና ጥሪ ይበዛብኛል። «በሩ አበጠ»፣ «ጠርዙ ተላቀቀ»፣ «ነጩ ቢጫ ሆነ» ይሉኛል። ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ካቢኔት ተበላሽቶ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ፤ የብዙ ወር ቁጠባ የወጣበት ዕቃ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ምጣድ ልናገር። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ከላይኛው ካቢኔት ሥር ጥዶ መጋገር በየቤቱ የማየው ስህተት ነው። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣና የላይኛው በር ታችኛ ጠርዝ ላይ ያርፋል። 30 እንጀራ ከተጋገረ 30 ጊዜ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ የሚጋገርበት ቤት የዓመቱን አስሉት። ያ ጠርዝ ደግሞ የካቢኔቱ ደካማ ቦታ ነው። ሜላሚን የምንለው ሰሌዳ ፊቱ ላይ ሙጫ የጠጣ ወረቀት በሙቀት ስለተጨመቀበት ውሃ አያስገባም። ውስጡ ግን ቺፕውድ ከሆነ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ኤምዲኤፍ ከሆነ የላመ የእንጨት ጭረት ነው። ይህን ውስጡን ከእርጥበት የምትከልለው በ18 ሚሊሜትሩ ጠርዝ ላይ በትኩስ ሙጫ የተለጠፈች ቀጭን ፕላስቲክ ብቻ ናት። በሙቀት የተለጠፈ በሙቀት ይለቃል። ፕላስቲኳ ትንሽ ከተነሳች እርጥበቱ ይገባል፣ እንጨቱ ያብጣል። አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም።

አንዲት እናት ቤት ለዚሁ ተጠርቼ ሄድኩ። የበሩን ታች በጣቴ ስዳስሰው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተፈረፈረ። «እትዬ፣ ምጣዱ የት ነው የሚጣደው?» አልኳቸው። በእጃቸው አሳዩኝ፤ ልክ ካበጠው በር ሥር። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሳልወለውለው የማድርበት ቀን የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የበሩ ፊት መስታወት ይመስል ነበር። በሩን ቀየርኩላቸውና ምጣዱን መስኮቱ አጠገብ አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ አዛወርነው። ቦታ ለማይበቃችሁ ደግሞ፦ በምትጋግሩበት ሰዓት የላይኛውን በር ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ስትጨርሱም የካቢኔቱን ሆድና ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። የውሃ ማፍያውም፣ ለበዓል ቀኑን ሙሉ የሚቁላላው የዶሮ ወጥ ድስትም ያው ናቸው።

ቀጥሎ ጄሪካን። ውሃ ስለሚጠፋ ሁላችንም እናጠራቅማለን፤ ነገር ግን እርጥብ ጄሪካን ሲንኩ ሥር ካቢኔት ውስጥ ከተቀመጠ ወለሉ በስብሶ ይወድቃል። ግድ ከሆነ ጎድጓዳ ትሪ ከሥሩ አድርጉለት። ወለል ስታጥቡም ውሃ ደፍታችሁ ዞኮሎውን፣ ማለትም ከካቢኔቱ ግርጌ ያለውን ሰሌዳ፣ አትምቱት፤ ጨምቃችሁ ወልውሉ።

የድስት ሽቦ የሚያብረቀርቅ በር ላይ አይደርስም። በቃ።

እርድ ነጭ በር ላይ ሲፈስ የሚደረገውን እነሆ። ቢጫውን ለማስለቀቅ በዱቄት ሳሙና ይፈተጋል፤ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ድንጋጤ ይመጣል፤ በረኪና ይደፋበታል። የእርድ ቀለም የሳሙና ጠባይ ያለው ነገር ሲነካው መቅላቱ ተፈጥሮው ነው፣ በሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ሜላሚንና ፎርማይካ ከሆነ ጥጥ ላይ ትንሽ አልኮል አድርጋችሁ ጥረጉት፤ የቀረውን ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ እርድ ፀሐይ አይችልም። አክሪሊክ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የተለበጠ በር ላይ ግን አልኮልም የመስታወት ማጽጃም አታድርጉ፤ ፊቱ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላል። ለእሱ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

በረኪናን በተመለከተ እለምናችኋለሁ። የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር በነጠብጣብ ይበላዋል፤ ሲንክ ሥር ክዳኑ ላልቶ ሲቀመጥ ትነቱ ብቻ የበሩን ማጠፊያ ያዝገዋል። ከሁሉ የከፋው ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ነው፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አንዲት ልጅ በር ዘግታ እንዲህ ስታጸዳ እየሳለች ደርሼባት መስኮት ከፍቼ አስወጥቻታለሁ።

የላይኛው ካቢኔት አናት ላይ ጋዜጣ አንጥፉና በየሦስት ወሩ ቀይሩት፤ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ በቢላ ከመፋቅ ያድናችኋል። አዲስ በር ላይ የሚመጣውን መከላከያ ላስቲክም «እንዳይቧጨር» ብላችሁ ለዓመታት አታቆዩት፤ ከምድጃው ሙቀት ጋር ተጣብቆ እየተበጣጠሰ ነው የሚነሳው።

የዋንዛ እንጨት ካቢኔት ያላቸው ሰዎች የምግብ ዘይት ቀብተው ያወዙታል። ለጊዜው ያምራል፤ ከሰነበተ ግን ያጣብቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል። የዋንዛ በር የሚጠበቀው በቫርኒሹ ነው፤ ቫርኒሹን የሚጎዳ ነገር አታስነኩት። ይህን የተማርኩት በስህተቴ ነው። ሙያውን ስጀምር የሰው በር ላይ የጠጠረ ቅባት አልለቅ ሲለኝ ጨርቅ በቲነር ነክሬ ፈተግኩት። ቅባቱ ለቀቀ፣ ቫርኒሹም አብሮ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። ባለቤቱ ምንም አላሉኝም፤ ያ በር ግን ከጎኖቹ ሁለት በሮች ጋር ቀለሙ አልገጠመም። ዛሬ ለእንዲህ ያለ ቅባት በለብ ያለ የሳሙና ውሃ የራሰና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አስደግፍበታለሁ፤ ሲለሰልስ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ እጠርገዋለሁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደርቀዋለሁ። ካልለቀቀ እደግመዋለሁ።