የድሮ የጃፓን ቤዝ ጊታር ስትለዩና ዋጋ ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሮ «የጃፓን ነው» ከተባለ ርካሽ ነው ማለት ነበር። ዛሬ ተገልብጧል። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ማትሱሞቶና ሃማማትሱ ከተሞች ውስጥ የተሠሩ ቤዞች ፈላጊያቸው በየአገሩ ሞልቷል። ሻጩም ይህን ያውቃል። ማስታወቂያው ላይ «ጃፓን፣ ቪንቴጅ፣ ብርቅዬ» ይልና ዋጋውን ይሰቅለዋል። እኔ እነዚህን ቤዞች ከልቤ ነው የምወዳቸው። ለዚህም ነው ሰው ተራውን በብርቅዬ ዋጋ ሲገዛ፣ ወይ ደግሞ ብርቅዬውን በእጁ ይዞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ በትንሽ ብር ሲለቀው የሚያናድደኝ። የሚደጋገሙት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ጃፓን ከተባለ ሁሉም ጥሩ ነው ብሎ ማመን

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ከጃፓን ይወጣ የነበረው ቤዝ አብዛኛው ለጀማሪ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ አስመጪዎች የፈለጉትን ስም አስለጥፈው ይሸጡት ነበር። ገላው ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ የእንጨት ልጣፍ ይደረግበትና ወፍራም ቀለም ይቀባል። ከ70ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ መፎካከር ጀመሩ፣ እንጨቱም ሥራውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሌላ ደረጃ ላይ ደረሰ። ችግሩ ሁለቱም ላይ «ሜድ ኢን ጃፓን» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ፒክጋርዱን (ገላው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን) ፍቱ፣ ፒካፑ (የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) የተቀመጠበትን ጉድጓድ ግድግዳ እዩ። ቀጫጭን ንጣፍ እየተደራረበ መስመር መስመር ከሠራ ኮምፔንሳቶ ነው። ጉድጓዱ በቀለም ከተሸፈነ የብሎን ቀዳዳዎቹንና ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ውስጡን ተመልከቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትሳቱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ጣውላ ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ ገላ ኮምፔንሳቶ አይደለም፣ ትልልቆቹ ብራንዶችም እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ሻጩ ሩቅ ካለ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። «አልፈታም» ካለ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው ብላችሁ ዋጋ ስጡት።

ሌላው ቁመቱ ነው፤ የቤዙ ሁሉ ሳይሆን ድምፅ የሚሰጠው ክር ቁመት። ከላይኛው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደረው ቀጭን ብረት) ለኩና በሁለት አባዙት። ሙሉ ቁመት ያለው ቤዝ 86.4 ሴንቲሜትር አካባቢ ይመጣል፤ አጭሩ ከ76 እስከ 78 ነው። አጭሩን የሚወድ አለ፣ ድምፁም የራሱ ውበት አለው፣ ግን ፎቶ ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ እጃችሁ ከገባ በኋላ እንዳትደነግጡ።

«የሎውሱት (የክስ) ዘመን» በሚለው ተረት ላይ ገንዘብ መጨመር

ይሄ በጣም ነው የተለመደው። ሻጩ «አሜሪካኖቹ ጥራቱ አስፈርቷቸው ከሰሱ፣ ምርቱም ተቋረጠ» ይላችኋል። የሆነው እንዲህ ነው። በ1977 የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የተባለ ኩባንያ፣ አይባኔዝ የተባለውን የጃፓን ብራንድ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለውን ኤልገርን ፊላዴልፊያ ውስጥ ከሰሰ። ክሱ ስለ ድምፅም ስለ ጥራትም አልነበረም፤ ስለ ጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ) ቅርፅ ነበር። አይባኔዝ ያን ቅርፅ ክሱ ሳይመጣ ቀድሞ ቀይሮታል። ጉዳዩም በ1978 በስምምነት ተዘጋ።

እንግዲህ አስቡት፦ የተከሰሰው አንድ አከፋፋይ ነው፣ ክሱም በጊብሰን የራስ ቅርፅ ላይ ነው። የሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ የፌንደር ጃዝ ቤዝ ወይም ፕሪሲዥን ቤዝ የጃፓን ቅጂ በዚህ ክስ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ አንድ የ1975 የጃዝ ቤዝ ቅጂ ላይ ይህ ቃል ተለጥፎ ዋጋ ሲጨመር እየከፈላችሁ ያላችሁት ለወሬ ነው። ቅጂው በራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለጥራቱ ክፈሉ፣ ለተረቱ ግን አንድ ብር አትጨምሩ።

ራሱ ላይ ያለውን ስም የሠሪው ስም አድርጎ መውሰድ

ብዙዎቹ የጃፓን ብራንዶች የራሳቸው ፋብሪካ አልነበራቸውም። ግሬኮ ካንዳ ሾካይ የተባለ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። አይባኔዝ የናጎያው ሆሺኖ ጋኪ ነው። ሁለቱም በዚያ ዘመን ዋናውን ሥራ ያሠሩ የነበረው ማትሱሞቶ ባለው ፉጂገን ነው። እዚያው ማትሱሞቶ ውስጥ ማትሱሞኩ የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነበር፤ አሪያ ፕሮ 2፣ ዌስቶን፣ ቫንቴጅና ኤሌክትራ ከዚያ ወጥተዋል። ያማሃና ቶካይ ደግሞ የሃማማትሱ ሰዎች ናቸው፣ የራሳቸው ፋብሪካ ነበራቸው።

ይህን ማወቅ ኪስ ይጠቅማል። ስሙን ማንም የማያውቀው ቤዝ፣ ስሙ ከገነነው ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ነው። ዌስቶንና ቫንቴጅ ላይ እስካሁን ድረስ ጥሩ ዕድል ያለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ማትሱሞኩ በ1987 ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ በእነዚሁ ስሞች የወጡት ውስጥ ኮሪያ የተሠሩ አሉ፣ ስለዚህ ስሙ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ደግሞ ዛሬ ዛሬ ሻጭ ሁሉ «ፉጂገን ነው» ማለት ለምዷል። ማስረጃው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። «ሁሉም ያውቃል» ማስረጃ አይደለም።

ሎጎውም ቢሆን ስቲከር ነው። ስኳየር (የፌንደር ርካሹ ብራንድ) ላይ ያለውን ስም ልጦ ፌንደር የሚል የሚለጥፍ አለ። ቶካይና ግሬኮ ላይም ይደረጋል። የሚገርመው፣ ኦሪጅናል ስሙን እንደያዘ የቆየ የ80ዎቹ መጀመሪያ ቶካይ ስሙ ተልጦ ፌንደር ከተለጠፈበት ይልቅ ለሚያውቅ ሰው ዋጋው ይበልጣል።

የሴሪያል ቁጥርን እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ማየት

አይባኔዝ ላይ ቁጥሩ ጥሩ ይናገራል። ከ1975 ጀምሮ መጀመሪያ ያለው የላቲን ፊደል ወሩ ነው፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ። ፊደሉ ሦስተኛው ሆኖ 79 ከተከተለ፣ መጋቢት 1979 ላይ የተሠራ ነው። ሰው ይህን ይማርና ለሁሉም ብራንድ ሊጠቀምበት ይሞክራል፤ አይሠራም። ብዙዎቹ የ70ዎቹ ቅጂዎች ጭራሽ ቁጥር የላቸውም።

ፌንደር ጃፓን በ1982 ነው የተቋቋመው፤ ፌንደር ከካንዳ ሾካይና ከያማኖ ጋኪ ጋር ሆኖ ነው ያቋቋመው፣ ሠሪው ፉጂገን ነበር። በጄቪ የሚጀምሩት ቁጥሮች ከ1982 እስከ 84 ናቸው፣ በኤስኪው የሚጀምሩት 1983 እና 84፣ በኢ የሚጀምሩት ከ1984 እስከ 87። ልብ በሉ፣ በኢ የሚጀምር ቁጥር የ80ዎቹ የአሜሪካ ፌንደርም ላይ አለ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «የአሜሪካ ነው» የሚል ሻጭ የሚሳሳተውም፣ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። «ክራፍትድ ኢን ጃፓን» የሚል ካያችሁ ደግሞ ከ1997 አካባቢ ወዲህ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ የ80ዎቹ ግን አይደለም።

ቁጥሩ ያለው ከኋላ በኩል አንገቱን ባሰረው ብረት ላይ ከሆነ የበለጠ ጠርጥሩ። ያ ብረት አራት ብሎን ሲፈታ ይወጣል፣ ከሌላ ቤዝ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚሻለው አንገቱን ፈትቶ ጫፉንና የሚገባበትን ጎድጓዳ ማየት ነው። በእርሳስ የተጻፈ ወይም በማኅተም የተመታ ቀን፣ አንዳንዴም የሞዴሉ ስም እዚያ ይገኛል። አንገቱና ጎድጓዳው የተለያየ ነገር ከተናገሩ፣ ከሁለት ቤዝ የተገጣጠመ ነው የያዛችሁት።

የሞዴል ቁጥሩን አለማንበብ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች በዚያ ዘመን ዋጋውን ሞዴሉ ስም ውስጥ ይጽፉት ነበር። ፌንደር ጃፓን ጄቢ62-75 ሲል በ1962ቱ ጃዝ ቤዝ ቅርፅ የተሠራ፣ ጃፓን ውስጥ በ75,000 የን የሚሸጥ ማለት ነው። ጄቢ62-115 ከሆነ 115,000 የን። የቶካይ ሃርድ ፓንቸር ፒቢ-80 ከሆነ 80,000 የን። ግሬኮ ላይ 450 ካለ 45,000 የን።

ሁለት ቤዞች ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ቅርፃቸው አንድ፣ ዓመታቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። አንዱ ግን የሌላውን እጥፍ ያወጣ ነበር፤ ልዩነቱም እንጨቱ፣ ፒካፑ፣ ቀለሙና የእጅ ሥራው ላይ ነው። የፌንደር ጃፓን 115ቱ የአሜሪካ ፒካፕ የተገጠመላቸው ናቸው። ዛሬም የዋጋ ልዩነቱ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ሰፍቷል። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ «የ1982 ፌንደር ጃፓን» ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ወይ አያውቅም፣ ወይ ታችኛው መሆኑን መናገር አልፈለገም።

ሞዴሉ የት እንዳለ ካላገኛችሁ የዘመኑን ካታሎግ ፈልጉ። ሰብሳቢዎች ስካን አድርገው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። ጃፓንኛ ማንበብ አያስፈልግም፤ ሥዕሉን፣ የፒካፑን ዓይነት፣ የመቃኛውን ቅርፅና ዋጋውን ማነጻጸር ይበቃል። ደግሞም ሁሉም ብራንድ ይህን የዋጋ አጻጻፍ አይከተልም፣ ስለዚህ ካታሎጉ ላይ ሳታረጋግጡ ቁጥር አይታችሁ ብቻ አትደምድሙ። ያን የየን ዋጋ ወደ ዛሬ ገንዘብ ለመቀየርም አትድከሙ፤ የሚጠቅማችሁ ቤዙ ከወንድሞቹ መካከል ስንተኛ እንደነበር ስለሚነግራችሁ ነው።

ቅጂውን ብቻ ማሳደድ

ሰው ፌንደር የሚመስለውን ሲሻማ የጃፓኖቹ የራሳቸው ፈጠራ የሆኑት አጠገቡ ያልፋሉ። የያማሃ ቢቢ ከ1977 ጀምሮ አለ። የአይባኔዝ ሙዚሺያን እና የአሪያ ፕሮ 2 ኤስቢ-1000 ደግሞ አንገታቸው በብሎን አልታሰረም፤ ከራሱ ተነስቶ ገላውን ሰንጥቆ እስከ ታች የሚወርድ አንድ እንጨት ነው። የዱራን ዱራኑ ጆን ቴይለርና የሜታሊካው ክሊፍ በርተን አሪያ ይጫወቱ ነበር። እነዚህ የማንም ቅጂ አይደሉም፣ እኔ ዘንድ የዚያ ዘመን የጃፓን ምርጥ ሥራዎች ናቸው። ስትገዙ ውስጣቸው ባትሪ የሚፈልግ ሰርኪዩት ካላቸው በደንብ ሞክሩት፤ ኤስቢ-1000 ላይ ያለውን የሚሽከረከር ድምፅ መምረጫ በየቦታው አቁማችሁ ስሙ። ከተበላሸ ኦሪጅናሉን ማግኘት ከባድ ነው።

የተቀየረውን ሳይቆጥሩ ዋጋ ማውጣት

አርባ ዓመት ያገለገለ ዕቃ ሳይነካ አይቀርም። ፒካፑ ተቀይሯል? እንደገና ተቀብቷል? ተጨማሪ ቀዳዳ አለው? የስታኞ ነጥቦቹን እዩ፤ የፋብሪካው ንጹሕና እኩል ነው፣ በኋላ የተነካው ብዙውን ጊዜ ያስታውቃል። የጃፓን ቮሊዩም ዘንግ 6 ሚሊሜትር ነው፣ የአሜሪካው 6.35። መያዣው የሚወዛወዝ ወይም በግድ የገባ ከሆነ አንዱ ተቀይሯል ማለት ነው። ቮሊዩሙ ላይ በ137 የሚጀምር ቁጥር ካለ ሲቲኤስ የሚባል የአሜሪካ ሥራ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የገባ።

ለመጫወት ከሆነ የምትገዙት መቀየሩ ላይጎዳ ይችላል፣ እንዲያውም ዋጋ አስቀንሳችሁ ተጠቀሙበት። ብቻ የወለቁት ኦሪጅናል ዕቃዎች አብረው ይመጡ እንደሆነ ጠይቁ።

አንገቱን ሳያዩ መክፈል

አጭር ነው ይሄ። በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ አሁንም ይዞራል ወይስ መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆሟል? አንገቱ ተጣሟል? ፍሬቶቹ ተበልተዋል? ፍሬት ማስቀየር ራሱን የቻለ ወጪ ነው፣ የተጣመመ አንገት ደግሞ ጨርሶ ላይድን ይችላል። በፌንደር ቅርፅ የተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ማስተካከያው አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ጫፍ ስለሆነ ሳይፈታ አይታይም። ሻጩ ካልፈታው ይህንንም ዋጋው ላይ አስቡት።

የተጠየቀውን ዋጋ የተሸጠ ዋጋ ማድረግ

አንድ ቤዝ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዋጋ ተሰቅሎ ከቆየ፣ ያ ዋጋ ማንም ያልከፈለው ዋጋ ነው። ሪቨርብና ኢቤይ የሚባሉት የሽያጭ ድረ ገጾች ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ዓመት፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለውን ፈልጉ።

ጃፓን ውስጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። ቶኪዮ ኦቻኖሚዙ የሚባለው ሰፈር በጊታር ሱቅ የታወቀ ነው፣ ያሁ ኦክሽን የሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በየቀኑ ይወጣል። ግን እዚያ «ጃንክ» ተብሎ የተለጠፈ ዕቃ ምንም ዋስትና የለውም፤ ይሥራም አይሥራም ሻጩ መልሶ አይወስደውም። ውጭ አገር ላለ ገዢ ደግሞ ወኪል ያስፈልጋል፣ የወኪሉ ክፍያ አለ፣ ቤዝ ረጅም ስለሆነ የማጓጓዣው ሒሳብ ይከብዳል፣ ወደ አዲስ አበባም ይሁን ወደ ዋሽንግተን ጉምሩኩ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ዋጋው የሚባለው።

ድንበር የሚሻገር ከሆነ የጣት ሰሌዳውንም እንጨት ጠይቁ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ተራ ሮዝውድ ያለበት የተሠራ መሣሪያ ከዓለም አቀፉ የዕፅዋት ንግድ ቁጥጥር ነፃ ሆኗል፤ የብራዚል ሮዝውድ ግን አልተነሳለትም፣ ከ1992 ጀምሮ ፈቃድ ሳይኖረው ድንበር አያልፍም። ስለዚህ ሻጩ «የብራዚል ሮዝውድ ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረባችሁ ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከሌለው ወይ እንጨቱ እሱ አይደለም፣ ወይ ደግሞ ቤዙ ጉምሩክ ላይ ይቀርባችኋል።