የቆየ ዴስክቶፕን ፕሮሰሰር ለፎቶ ሥራ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ጥገና ቤታችን የሚመጡት የፎቶ ቤት ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው። የጥር ሠርግ ሲደርስ ወይም የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሲቃረብ ሥራው ይከመራል፤ ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይንቀራፈፋል፤ ባለቤቱም ፕሮሰሰሩን በተሻለ ለመተካት ይወስናል። ውሳኔው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ማሽን እንኳ ተገቢውን ፕሮሰሰር ካገኘ የፎቶ ሥራን በደንብ ሊሸከም ይችላል። ገንዘቡ የሚባክነው ከውሳኔው በኋላ በሚሠሩ ስህተቶች ነው፤ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝንም ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው «ኮር አይ ሰቨን» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ገበያ መውጣት ነው። ኢንቴል ይህን ስም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለብዙ ጄኔሬሽኖች (የፕሮሰሰር ትውልዶች) ሰጥቶታል። በስም አንድ የሆኑት ፕሮሰሰሮች ግን በሚቀመጡበት ሶኬት፣ በሚፈልጉት ቺፕሴት (ማዘርቦርዱን የሚያስተዳድር ቺፕ) እና በሚሠሩበት የራም ዓይነት ይለያያሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጄኔሬሽን ኤልጂኤ 1155 ላይ ይቀመጣሉ፤ አራተኛው ኤልጂኤ 1150 ይፈልጋል፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ኤልጂኤ 1151 ላይ ይገባሉ። የስምንተኛውና የዘጠነኛውም ሶኬት 1151 ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ይሁን እንጂ ለስድስተኛውና ለሰባተኛው በተሠራ ማዘርቦርድ ላይ አይሠሩም። ቁጥሩ አንድ በመሆኑ ገዢው ልክ ነው ብሎ ያስገባዋል፤ ማሽኑ ግን ምንም ነገር ስክሪን ላይ አያወጣም።

ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ የሠርግ ቀብድ ተቀብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የአራተኛው ጄኔሬሽን የሆነውን ኮር አይ7-4770 ገዝቶ መጣ። ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነበር፤ ሶኬቱም ኤልጂኤ 1155 ነው። «ጋሼ፣ ኮር አይ ሰቨን እኮ ነው፤ ሻጩም ለዴል ይሆናል ብሎኛል» አለኝ። ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ አጠገብ አድርጌ በሁለቱ ጠርዞቹ ላይ ያሉትን ትናንሽ ስርጉድ ቦታዎች አሳየሁት፤ ከሶኬቱ ጥርሶች ጋር አይገጣጠሙም። ልጁ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። ሻጩ መልሶ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም። ልጁን አልወቅሰውም፤ እጅግ ያሳዘነኝ አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ማጣራት ሊተርፍ ይችል የነበረ የሠርግ ገቢ በከንቱ መቅረቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ባየሁ ቁጥርም ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያጡት ከማንም በላይ ገንዘቡ የሚያስፈልጋቸው ጀማሪዎች ናቸው።

ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈልዎ በፊት ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱ። «ሜይንቦርድ» በሚለው ገጽ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የቺፕሴቱን ስምና የባዮሱን (ማሽኑን የሚያስነሣው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ያገኛሉ፤ እነሱን በወረቀት ይጻፉ ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚያም አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያወጣውን የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ይመልከቱ። በቢሮ ማሽኖች ዘንድ ሶኬቱ መግጠሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 7010 ሁለቱም ኤልጂኤ 1155 ናቸው፤ ሦስተኛውን ጄኔሬሽን ለመቀበል የተሠራው ግን 7010 ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን ሳያረጋግጡ መቀየር ነው። ላይትሩም ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ሥራው በሚዘገይበት ሰዓት የትኛው እንደሞላ ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ ከ90 በመቶ በላይ ላይ ተሰቅሎ ከቆየ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ራሙ ሞልቶ ወይም ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ አካባቢ የሚመላለስ ከሆነ ግን አዲስ ፕሮሰሰር ምንም አይለውጥም፤ እሱም እንደ ቀድሞው ዲስኩን ይጠብቃል። በሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤት ያላት አንዲት እህት ኮር አይ5-4570 ያለበትን ማሽን ይዛ መጥታ ኮር አይ7 እንድናስገባላት ጠየቀችን። ከፍተን ስናየው 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ራሙን በሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ስቲክ ወደ 16 ከፍ አድርገን፣ ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ዲስክ ገጥመን፣ ዊንዶውስንና የላይትሩሙን ካታሎግ በእሱ ላይ አስቀመጥን፤ ፕሮሰሰሩን ጨርሶ አልነካነውም። እስከ ዛሬ በዚያው ትሠራለች።

ፕሮሰሰሩ የሚያፋጥነውንና የማያፋጥነውን ሥራ ለይቶ አለማወቅም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ላይትሩም ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት ሲያደርግና ከሮው ፋይል ፕሪቪው ሲያዘጋጅ ኮሮቹን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩትን ክፍሎች) ሁሉ ያሠራል፤ ስለዚህ የኮር ቁጥር መጨመር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ፎቶሾፕ ግን አብዛኛውን ሥራውን በጥቂት ኮሮች ስለሚሠራ ይበልጥ የሚጠቅመው የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ላይትሩም ክላሲክ ውስጥ የገባው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የፎቶን ነጠብጣብ የሚያጠራው ዲኖይዝ ደግሞ ሸክሙን የሚጥለው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ቅሬታዎ በእሱ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ ያስቀምጡ።

ከዚህ አንጻር ከኮር አይ3-4130 ወደ ኮር አይ7-4770 መሸጋገር ከልብ የሚመከር ነው፤ 2 ኮር 4 ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠራቸውም ክሮች (የሥራ መስመሮች) ከ4 ወደ 8 ያድጋሉ። ከኮር አይ5-3470 ወደ ኮር አይ7-3770 መሄድ ግን የኮሩን ቁጥር እዚያው 4 ላይ ይተወዋል፤ በኤክስፖርት ጊዜ የተወሰነ ጥቅም ያገኛሉ፤ ፎቶሾፕ ላይ ግን ለውጡን እምብዛም አያስተውሉትም። ዋጋው ረከስ ካላለ በስተቀር አልመክረውም።

በስሙ መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለበትን ለፎቶ ሥራ አይግዙ፤ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ፍጥነቱ የተቀነሰ ነው።

ዚዮን የተባለውን የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር በርካሽ አግኝተው የሚደሰቱም አሉ። ዚዮን ኢ3-1230 ቪ2 ከኮር አይ7-3770 ጋር የሚቀራረብ ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ በሌለበት ማሽን ላይ ቢገባ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ከዘጠነኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ «ኤፍ» የተጻፈባቸውም እንዲሁ ናቸው።

ባዮሱን ሳያድሱ ፕሮሰሰሩን መቀየር በእኛ አካባቢ ድርብ ጣጣ ያመጣል። ኮር አይ7-4790 ቀደም ብለው በወጡ የአራተኛው ጄኔሬሽን ማዘርቦርዶች ላይ የታደሰ ባዮስ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ጄኔሬሽን ይዘው የወጡ፣ ኤች61 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶችም ሦስተኛውን ለመቀበል ማደስ ያስፈልጋቸዋል፤ በሌላው አምራች በኤኤምዲ በኩል ደግሞ ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ማዘርቦርዶች የ5000ዎቹን ራይዘን ፕሮሰሰሮች ያለ አዲስ ባዮስ አያስነሡም። እድሳቱ የሚደረገው አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው እያለ ነው። እድሳቱ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ማሽኑን ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ጋር ሳያያይዙ ፈጽሞ አይጀምሩ። ዩፒኤስ ከሌለዎት ይዋሱ። «መብራቱ ዛሬ ደህና ነው» ብሎ መጀመር ስንት ማዘርቦርድ እንዳስጣለ የሚያውቀው ጥገና ላይ የዋለ ሰው ነው።

ስለ ሙቀት ከደብረ ብርሃን ሰው ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «እዚህ ብርድ ነው፤ አይሞቅም» የሚል ነው። ብርዱ እውነት ይረዳል። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያነሣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ አየሩ ወፈር ይላል፤ ሙቀቱ ግን ይብሳል። በሁለቱም ቦታ አሮጌውን ትንሽ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን የሚወስደውን ብረት) ለአዲሱ ፕሮሰሰር ማልበስ ስህተት ነው፤ ኮር አይ3-4130 ለ54 ዋት የተሠራ ሲሆን ኮር አይ7-4770 ለ84 ዋት ነው። አንድ ደንበኛዬ ፕሮሰሰሩን ራሱ ቀይሮ «የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ይፈጥናሉ፤ ከዚያ ይደክማል» እያለ አመጣልኝ። ኤክስፖርት አስጀምረን ታስክ ማናጀር ላይ ፍጥነቱን ስንከታተል ከ3.7 ጊጋኸርዝ ተነሥቶ ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን እየወረደ ሄደ። ሂት ሲንኩን ስናነሣው አሮጌው ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ በላዩ ላይ ነበር፤ አዲሱ ፕሮሰሰር የነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

አሮጌውን ፔስት በደረቅ ሶፍት አንሥተው በአይሶፕሮፒል አልኮል ሁለቱንም ገጾች እስኪያብረቀርቁ ያጽዱ፤ አረቄ ውሃ ስላለበት አይተካውም። ከዚያ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ ፔስት መሀሉ ላይ ያድርጉና ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ። ብሎኖቹን በአንድ በኩል ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ በሰያፍ እያፈራረቁ ቀስ በቀስ ያጥብቁ። በፕላስቲክ እግር የሚያዘውን የኢንቴል ማቀዝቀዣ ከሆነ የገጠሙት አራቱም እግሮች በማዘርቦርዱ ጀርባ በኩል መውጣታቸውን በዓይንዎ ይዩ። ብዙ ፔስት መቀባት የተሻለ ያቀዘቅዛል የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ፔስቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት ለመሙላት ብቻ ነው፤ ሲበዛ ራሱ እንቅፋት ይሆናል።

የኢንቴል ማዘርቦርድ ሶኬት ውስጥ ያሉት ፒኖች ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም። ፕሮሰሰሩን በሁለት ጠርዙ ይያዙ፤ የሦስት ማዕዘን ምልክቱን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ያስተያዩ፤ ከዚያ በራሱ ክብደት እንዲያርፍ ብቻ ይልቀቁት። መጫን፣ ማንሸራተት ወይም መነቅነቅ የለም። ፒን የታጠፈበት ሶኬት በመርፌና በማጉያ መነጽር የሚቃናበት ጊዜ ቢኖርም ብዙውን ጊዜ አንዱ የራም ማስገቢያ መሥራት ያቆማል። በኤኤም4 ፒኖቹ ያሉት በፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው አደጋ ደግሞ ሂት ሲንኩን ቀጥታ ወደ ላይ ሲጎትቱ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ነቅሎ ማውጣቱ ነው። ማሽኑን ጥቂት አሠርተው ያሙቁት፤ አጥፍተው የመብራት ገመዱን ይንቀሉ፤ ከዚያ ሂት ሲንኩን ግራና ቀኝ በቀስታ አዙረው ያላቁት።

በበጋው ደረቅ ብርድ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም በርኖስ ደርበው ማሽን አይክፈቱ፤ ሱፍ የማይታይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ያውልቁት፤ ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ከመንካትዎ በፊት የኬዙን ባዶ ብረት ይንኩ።

ያገለገለ ፕሮሰሰር ሲገዙ በብረት ሽፋኑ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያንብቡ። በኮር አይ7-3770 ላይ «ኤስአር0ፒኬ»፣ በ4770 ላይ «ኤስአር149» የሚለው መለያ ይገኛል። የሞዴል ስሙ በሌለበት ቦታ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ካዩ ለሽያጭ ያልታሰበ የሙከራ ናሙና ስለሆነ ይተውት።

ለአሮጌ ሶኬት ከመጠን በላይ ማውጣትም አይገባም። እስከ ሦስተኛው ጄኔሬሽን ያሉት ኤቪኤክስ2 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቁም፤ እሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው አራተኛው ጄኔሬሽን ጋር ሲሆን አንዳንድ አዳዲስ ፕሮግራሞች ያለ እሱ አይነሡም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ለኤልጂኤ 1155 ማሽን የተመጠነ ገንዘብ ያውጡ፤ የተጠየቁት ዋጋ ወደ ስምንተኛው ጄኔሬሽን ሙሉ ማሽን ዋጋ ከተጠጋ ፕሮሰሰሩን ትተው ማሽኑን ይቀይሩ።

አሮጌውን ፕሮሰሰር በዚያው ቀን የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አይቸኩሉ። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ በሲፒዩ-ዚ ስሙንና የኮሩን ቁጥር ያረጋግጡ፤ ባዮሱ ውስጥ ራሙ ሙሉ በሙሉ መታየቱን ይመልከቱ፤ ከዚያም የአንድ ሙሉ ሠርግ ሮው ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኤክስፖርት እያደረጉ ሙቀቱን ኮር ቴምፕ በተባለው ፕሮግራም ይከታተሉ። ያ ሥራ ማሽኑ ሳይጠፋና ፍጥነቱ ሳይወርድ ካለቀ አሮጌውን ለመሸጥ ነጻ ነዎት፤ እስከዚያው ግን በፕላስቲክ መያዣው አድርገው መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት።