በሶብላ ቤት ውስጥ ለማሳደግ የቱ አምፖል ይሻላል?

ዊንተር ሲገባ መስኮት ዳር ያስቀመጣችኋት በሶብላ ግንዷ እየቀጠነ፣ ቅጠሏ እየገረጣ፣ ወደ መስታወቱ እያዘመመች ከመጣች ውሃ አትጨምሩላት። የጎደላት ማዳበሪያም አይደለም። ብርሃን ነው። አዲስ አበባ በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለ። እኔ ያለሁበት ሲያትል ግን ዲሴምበር ላይ ቀኑ 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ እሱንም ደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ መብራት ማስገባት ግድ ነው።

የድሮውን ባለ ክር አምፖል እርሱት። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሲጠጋ ቅጠል ያቃጥላል፣ ሲርቅ አይጠቅምም። ፍሎረሰንት ቤት ውስጥ ካላችሁ ይሠራል፣ አትጣሉት። ነገር ግን ሜርኩሪ ስላለበት ሲሰበር ጣጣ አለው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ኤልኢዲ ግዙ።

ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን “100 ዋት ይተካል” የሚለውን ተዉት። ከድሮው አምፖል ጋር ማነጻጸሪያ ነው እንጂ የሚበላው ዋት አይደለም። ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡ። ሉመኑን፣ ማለትም አምፖሉ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን፣ ፈልጉና በሚበላው ዋት አካፍሉት፤ 15 ዋት በልቶ 1500 ሉመን የሚሰጥ ከሆነ 100 ይመጣል፣ እኔ ከዚያ በታች የሆነውን አልገዛም። ሉመን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፣ ተክል ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ሁሉ፣ ቀዩንም ሰማያዊውንም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ይህ ሂሳብ ነጭን ከነጭ ለማወዳደር ብቻ ነው የሚሆነው። የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይጻፋል። ለቅጠላቸው ለምናሳድጋቸው ከ4000 እስከ 6500 ያለው ጥሩ ነው።

ለተክል ተብሎ የሚሸጠው ሐምራዊው መብራትስ? እኔም ገዝቼ ነበር። ተክሉ ያድጋል፣ ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ቀለም ሥር ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ አይለይም፣ እኔም ቅጠሉን ተባይ እንደወረረው ያየሁት ማሰሮውን ወደ መስኮት ስወስደው ነው። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ቀዩም ሰማያዊውም አለ፣ ቤቱም ቤት ይመስላል። ለተክል ተብሎ የተሠራ መብራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ማይክሮሞል በጁል (μmol/J) የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ መብራቱ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ለተክል የሚሆን ምን ያህል ብርሃን እንደሚያወጣ ይናገራል። 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ካልጻፈና “1000 ዋት” ብቻ ካለ እለፉት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ርቀት። ብዙ ሰው ጥሩ አምፖል ገዝቶ ጣሪያ ላይ ይሰቅለውና “አልሠራም” ይላል። የአንድ አምፖል ርቀት እጥፍ ሲሆን ተክሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ20 ሳንቲሜትር ወደ 40 ስታርቁት ግማሹን ሳይሆን ሦስት አራተኛውን አጣችሁ ማለት ነው፣ ቆጣሪው ግን ያው ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ በመቆንጠጫ የሚያዝ፣ ከፍና ዝቅ የሚል የጠረጴዛ መብራት ይሻላል፤ ከላይ ቆብ ያለው ቢሆን ደግሞ ወደ ጣሪያ የሚሄደውን ብርሃን ወደ ታች ይመልሰዋል። ከቅጠሉ ጫፍ ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር አድርጉት። አንድ ባለ 1500 ሉመን አምፖል ለሁለት ትንንሽ ማሰሮ ይበቃል፣ ለአምስት ግን አይበቃም። በጎንና በኋላ ነጭ ካርቶን አቁሙ፣ የሚባክነውን ይመልስላችኋል። ከሳምንት በኋላ ተክሉን እዩት። አሁንም ከረዘመ አቅርቡት፣ ላይኛው ቅጠል ከነጣ ወይም ከተጠቀለለ አርቁት።

በቀን 14 ሰዓት ያህል ይብራ። ሌሊት ይጥፋ፣ ተክልም ጨለማ ይፈልጋል። በእጅ ማብራትና ማጥፋት ይረሳል፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ታይመር ግዙ። 15 ዋት በቀን 14 ሰዓት ሲበራ በወር 6.5 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል ቢሆን 25 ይበላ ነበር፣ ያውም ለግማሽ ብርሃን።

ኤልኢዲን ዙሪያውን በተዘጋ ጎድጓዳ መብራት ውስጥ አትክተቱት፣ ሙቀቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ውሃ ስታጠጡም ሶኬቱን ተጠንቀቁ። ጤና አዳምም በዚሁ መብራት ያድጋል፣ ውሃ ግን ከበሶብላ ያነሰ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማሰሮውን ለዩለት። በሶብላዋን ለቅጠል ከፈለጋችኋት ጫፏን ቶሎ ቶሎ ቀንጥቡ። ለሽሮና ለበርበሬ የሚሆነውን የደረቀ አበባ ከፈለጋችሁ ግን አንዷን ሳትነኩ ተዉና ታብብ፣ ቁመቷ ሲጨምር አምፖሉን አብራችሁ ከፍ አድርጉት።