ክረምት የማይዘጋ፣ በጋ የማይገጥም መስኮት፦ እንጨት ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ስል ከመስታወቱ ውጭ የሚገጠመውን፣ ማታ ማታና ፀሐይ ሲከር የሚዘጋውን ባለ ሁለት ተከፋች ማለቴ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በባቡሩ ዘመን በተሠሩ ቤቶች፣ አዲስ አበባም በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ዛሬም ይታያል። ስንት ክረምት አልፎበት ቀጥ ብሎ የቆመ አለ። አምና ተገጥሞ ዘንድሮ የተጣመመም ሞልቷል። ብዙ ጊዜ አናጢው ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ የሚጀምረው እንጨቱ ሲገዛ ነው።

በስም ብቻ መግዛት

«ጥድ ነው» ከተባለ ብዙ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም። የሐበሻ ጥድ ምስጥ የማይደፍረው፣ ዝናብ የሚችል እንጨት መሆኑ እውነት ነው። ለአጥርና ለምሰሶ ሲፈለግ የኖረውም ለዚህ ነው። ግን ይህ ጥንካሬ ያለው በግንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቀላ ባለውና መዓዛ ባለው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ከተራ እንጨት አይሻልም፤ ነቀዙም ምስጡም ይገባበታል። ስለዚህ ጣውላውን ከፊት ለፊት ብቻ አይዩት። ጫፉን አዙረው ይመልከቱ። ዳርና ዳሩ ነጭ ከሆነ ያ ነጭ ተቆርጦ መውጣት አለበት። የሚከፍሉትን ሲያሰሉም ከዚያ የሚተርፈውን ቀዩን ብቻ ያስቡ።

ሌላው መጠየቅ ያለበት «የትኛው ጥድ?» የሚለው ነው። የፈረንጅ ጥድ ሌላ ዛፍ ነው። ቀላልና ለሥራ የሚመች ቢሆንም አንጓው ይበዛል፣ በጥንካሬም የሐበሻውን አይደርስበትም። ዝግባም እንዲሁ። ሲላግ ያምራል፣ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን መድኃኒት ሳይነካው ውጭ ከዋለ ቶሎ ይበሰብሳል። ለቤት ውስጥ ሥራ ይሁን። ለመዝጊያ እኔን ከጠየቁኝ፣ የደረቀ ዋንዛ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ። አይከብድም፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይንቀሳቀስም። እሱም ቢሆን የውስጡ ቡናማ ክፍል ነው የሚፈለገው።

እርጥብ እንጨት ማሠራት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንጨት ሲደርቅ የሚቀንሰው በስፋቱ ነው፤ በርዝመቱ ያለው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ግማሽ ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያጥር ይችላል። ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን ተጋጥሞ የተሠራ መዝጊያ እንግዲህ በጋ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቢያወጣ ምን ይገርማል? ሁሉም ጎን እኩል ስለማይደርቅ ደግሞ ይጎብጣል፣ ይጠመዘዛል።

ሻጭ ሁሉ «ደርቋል» ነው የሚለው። ዕቃውን ራስዎ ይመርምሩ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች አንስተው ያመዛዝኑ፤ አንዱ በጣም ከከበደ ውሃ አለው። መጋዙ ሲቆርጠው ብናኙ የማይበንና እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነም አልደረቀም።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ አናጢዎ ከጣውላው መሃል (ከጫፉ አይደለም፤ ጫፉ ቀድሞ ይደርቃል) ትንሽ ቁራጭ ያውጣልዎ። በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ከዚያ 100 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያቆዩትና እንደገና ይመዝኑ። 115 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው። ለውጭ መዝጊያ ከ12 እስከ 15 በመቶ ጥሩ ነው። 25 በመቶ ላይ ያለ እንጨት ግን ገና ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየጣሉ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደርድሩት። ወራት ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት መፍትሔ አይደለም፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ባህር ዛፍ ረከሰ ብሎ መቁረጥ

ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገሩን የሞላው ባህር ዛፍ ቤታችንን፣ አጥራችንን፣ ማገዶአችንን ችሏል። አልነቅፈውም። ነገር ግን በተለይ ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለማገርና ለቋሚ የሚሆን ሁሉ ለመስኮት አይሆንም። አማራጭ ከሌለ ጣውላው ጠባብ ይሁን፣ በደንብ ይድረቅ። ቀዩን ማግኘት ከቻሉም ከነጩ ይሻላል።

ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ

በኮላ ተጣብቀው የሚሠሩት እነዚህ ሰሌዳዎች ለቁም ሣጥን እሺ። ውጭ ግን አንድ ክረምት ይበቃቸዋል። ኤምዲኤፍ ጠርዙ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ደግሞ አይመለስም። ተራ ኮምፔንሳቶም ኮላው ይለቅና ንብርብሩ ይገነጠላል።

ጠንካራ ሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብ

60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ተከፋች ያስቡ። ኪዩብ ሜትሩ 500 ኪሎ ገደማ ከሚመዝን እንጨት ከተሠራ 9 ኪሎ ይሆናል። ወይራ ግን ኪዩብ ሜትሩ ወደ 1,000 ኪሎ ስለሚጠጋ ያው ተከፋች 18 ኪሎ ይደርሳል። በየቀኑ እየተከፈተ በሚዘጋ ነገር ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ማጠፊያው ይረግባል፣ ተከፋቹ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ መሬት የሚጠርግ በር ይመስል እያነሱ መዝጋት ይመጣል። ወይራ ለደፍና ለጉበን ግሩም ነው። ለተከፋች አይመረጥም።

ቤቱ የት እንደሆነ መርሳት

ወለጋ መንዲ አካባቢ ያለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ምስጥ መሆን አለበት፤ እዚያ ያለ መድኃኒት ለስላሳ እንጨት መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ እንጨት ትጎዳለች። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ መስኮት ላይ ያለ ቀለም የለሽ ቫርኒሽ ሳይቆይ ይላጣል፤ እንጨቱም ይገረጣል። የእንጨቱን መልክ ስለምንወድ ይከብዳል እንጂ፣ ፀሐይ ለሚመታው ጎን ቀለም ያለው ቅብ ነው የሚያዛልቀው።

አንድ ቦታ ግን በየቤቱ ሲረሳ አያለሁ፦ የተከፋቹ ታችኛው ጠርዝ። ከታች ሆኖ ስለማይታይ ቀቢው ያልፈዋል። የዝናቡ ውሃ ወርዶ የሚንጠለጠለው ግን እዚያው ነው። የቋሚዎቹ ጣውላዎች ጫፍ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ብስባሴውም ከዚያ ይጀምራል። መዝጊያው ከመሰቀሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ያ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ። ሚስማርና ማጠፊያውም ዝገት የማይበላው ይሁን።

ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ተጠቅሰው የነበሩ አገር በቀል ዛፎች ናቸው። ዋንዛ ከገበሬ ማሳ፣ ከቡና ጥላ ሊመጣ ይችላል። ሻጩ የማጓጓዣ ፈቃዱን ማሳየት ካልቻለ ግን ይተዉት። የዛፉ ቁጥር እየተመናመነ መሆኑን ሁላችንም በዓይናችን እያየን ነው።

ለዚህ ነው የፈረሰ ቤት እንጨት ለማገዶ ሲሸጥ ሳይ የሚያንገበግበኝ። አሮጌ የጥድና የዋንዛ ጣውላ ለዓመታት ደርቆ ያበቃ ነው፤ የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ ጨርሷል። ሲገዙ የነቀዝ ቀዳዳና ትኩስ ብናኝ እንዳለው ይዩ፣ በሚስማር ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው የበሰበሰውን ይለዩ። መጋዝ ላይ ከመውጣቱ በፊትም የቀረውን ሚስማር ሁሉ ያስነቅሉ፤ አለዚያ አናጢዎ ምላጩን ያስከፍልዎታል።