ስፖክን ያለ ሰበብ አታስለቅሱት፦ ፋንዚን ለምታዘጋጁ ሁሉ

ፋንዚን አድናቂዎች ለአድናቂዎች የሚያዘጋጁት መጽሔት ነው። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠረዘው ከአዘጋጆቹ በአንዱ ሳሎን ውስጥ ነው። ኢንተርፕራይዝ በተባለች የጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከው ተከታታይ ስታር ትሬክ በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1966 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዓመቱ ዴቭራ ላንግሳም እና ሼርና ኮመርፎርድ «ስፖካናሊያ» የተባለውን ፋንዚን ኒው ዮርክ ላይ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል!

አሁን ደግሞ ስክሪን የሰለቻቸው ልጆች እንደገና ወደ ወረቀት እየመጡ ነው። በጣም ደስ ይለኛል። እኔም እዚህ አሜሪካ ከጥቂት የስታር ትሬክ ወዳጆች ጋር ፋንዚን ስለማዘጋጅ፣ የሚላኩትን ረቂቆች መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ። ችግሩ ያንኑ ስህተት ከአዲስ ሰው እጅ ደግሜ ደጋግሜ ማየቴ ነው። ትዕግሥቴ ሳያልቅ ልጻፈው ብዬ ነው።

መርከቧን አታስተዋውቁን

ኢንተርፕራይዝ ምን እንደሆነች፣ ካፒቴን ኪርክ ማን እንደሆነ፣ የስፖክ ጆሮ ለምን እንደሾለ አንባቢያችሁ ያውቃል። ገንዘቡን አውጥቶ ፋንዚን የሚገዛ ሰው 79ኙን ክፍሎች ደጋግሞ ያየ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ሰርዟቸው። አብዛኛው ረቂቅ የሚጀምረው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።

የስፖክ እንባ

ስፖክ ስሜታቸውን ከሚያምቁት ከቮልካኖች ወገን ነው፤ ረቂቆቹ ላይ ግን እንባው በየወሩ ይመጣል። ስፖክ ደብዳቤ ያነባል፣ ያለቅሳል። ስፖክ ጀንበር ስትጠልቅ ያያል፣ ያለቅሳል። አንዱ ረቂቅ ላይማ ገና ቁርስ ሳይበላ ሁለቴ አለቀሰ።

ተከታታዩን የጻፉት ሰዎች ስፖክን አላስለቀሱትም ማለቴ አይደለም። አስለቅሰውታል። ግን እንዴት አድርገው? «ዘ ኔክድ ታይም» በተባለው የ1966 ክፍል ላይ መርከበኞቹን ሁሉ ያሳበደ በሽታ ይዞት ነው ክፍል ዘግቶ ከራሱ ጋር የታገለው። «ዚስ ሳይድ ኦቭ ፓራዳይዝ» ላይ የሳቀውና ያፈቀረው የአንድ ተክል ብናኝ አእምሮውን ስለያዘው ነው። በ1967ቱ «አሞክ ታይም» ደግሞ በገዛ እጄ ገደልኩት ያለውን ኪርክን በሕይወት ሲያገኘው ፊቱ በፈገግታ በራ። ለቅጽበት ብቻ! ወዲያው ተመልሶ ተኮሳተረ። ያቺን ቅጽበት አድናቂው እስከ ዛሬ የሚያወራላት ያ ሁሉ መከራ ስለቀደማት ነው።

ስለዚህ ስፖክ እንዲያለቅስ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሰበቡን ሥሩ። ሰበብ ከሌላችሁ ቅንድቡን አንሱለት፣ ይበቃዋል።

ሜሪ ሱን መፍራት

አዲስ ጸሐፊ ፋንዚን ሲያስብ መጀመሪያ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ «ሜሪ ሱ እንዳትጽፍ» የሚል ነው። ነገሩ የመጣው ከ1973 ነው። ፖላ ስሚዝ «ሜናጀሪ» በተባለው ፋንዚን ሁለተኛ እትም ላይ አጭር የፌዝ ታሪክ ጻፈች። ባለታሪኳ ሌተናንት ሜሪ ሱ ገና 15 ዓመት ተኩል ናት። ከመላው የመርከቦች ጓድ በዕድሜ ትንሿ ሌተናንት እሷ ናት፣ ካፒቴኑ በፍቅሯ ይወድቃል፣ መርከቧን ታድናለች፣ በመጨረሻም ሁሉም እያለቀሰላት ትሞታለች። የልደቷም ቀን ለመርከቧ በዓል ሆኖ ይቀራል። ስሚዝ የቀለደችው በዚያን ጊዜ የፖስታ ሳጥኖችን ባጥለቀለቁት ታሪኮች ላይ ነው። ጽሑፎቹን ያነበበ ሰው ቀልዱ ገብቶታል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ስሙ ዱላ ሆነ። አንዲት ሴት ባለታሪክ ትንሽ ብልህ ከሆነች «ሜሪ ሱ!» ተብሎ ይጮህባታል። ብዙ ሴት ጸሐፊዎች ፈርተው ሴት ባለታሪክ መፍጠሩን ተዉት። ወንድ ጀግና ጠላቱን በጡጫም በብልሃትም ሲያሸንፍ፣ በየፕላኔቱም ሲፈቀር ይህን ያህል የሚጮህ የለም። ኪርክ ሌላ ምን ሲያደርግ ነበር ሦስት ዓመት ሙሉ?

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። አዲሷ ባለታሪክ ወደ ክፍሉ ስትገባ ሌሎቹ ሰዎች እንደነበሩ ይቀጥላሉ ወይ? ሐኪሙ ማኮይ ንጭንጩን ትቶ ያሞግሳታል? ስፖክ ክርክሩን ትቶ ይስማማላታል? የመገናኛ መኮንኗ ኡሁራ ሥራዋን አስረክባት ዞር ትላለች? ከሆነ፣ የተበላሹት ነባሮቹ ሰዎች ናቸውና እነሱን አስተካክሉ። ልጅቷ ጎበዝ ትሁን፣ ማን ከለከላት።

«ሰማያዊ ዓይኑ ሐኪም»

ጸሐፊው ስም መድገም ይፈራል። ስለዚህ ኪርክ «ወርቃማ ሸሚዝ የለበሰው ካፒቴን» ይሆናል። ስፖክ «ረጅሙ ቮልካን»፣ ማኮይ «ሰማያዊ ዓይኑ ሐኪም» ይሆናሉ። ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ስድስት ሰው ያለ ይመስላል። አንባቢ ስም አይሰለቸውም። ኪርክን ኪርክ በሉት። ኪርክ የቆየ ወዳጁን በልቡ «ሐኪሙ» ብሎ አይጠራውም፤ ማኮይን «ቦንስ» ነው የሚለው።

አለማረም

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

አንድ ወጣት አዘጋጅ ታትሞ ያለቀ ፋንዚኑን አመጣልኝ። ሽፋኑ ያምራል፤ ሥዕሉን የሠራችው ልጅ እጇ ይባረክ። ከፈትኩት። አንድ አንቀጽ ሁለት ጊዜ ታትሟል። በፊት የሞተ መርከበኛ በኋላ ቡና ይዞ ብቅ ይላል። ቡናው ይጣፍጠው እንጂ ምን ይባላል! የአንዱ ታሪክ የመጨረሻ ገጽ ጭራሹኑ የለም። «ማን አረመው?» አልኩት። «ጓደኞቼ ናቸው የጻፉት፣ እንዴት ብዬ እነካባቸዋለሁ?» አለኝ።

ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይኼ ልጅ ተወልዶ ያደገው ኦሃዮ ነው።

ሌላው ሰበብ ደግሞ «ነፃ ሥራ ነው፣ ማንም አይከፍለኝም» የሚለው ነው። የድሮዎቹስ ማን ከፈላቸው? አገር ቤት የተማርን ሰዎች ስቴንስል የሚባለውን ሰም የተቀባ የማባዣ ወረቀት እናውቃለን፤ የፈተና ወረቀታችን በእሱ እየተባዛ ነው የደረሰን። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ፋንዚኖች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ይነሳል፣ ፊደሉ በቀጥታ ሰሙን ይቆርጣል። አንድ ፊደል ሲሳሳቱ ማረሚያ ፈሳሽ ይቀባሉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ መልሰው ይመታሉ። ቁልፉን በኃይል ከመቱት የክቡ ፊደል መሃሉ ተቦድሶ ይወድቃል፣ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። አንድ አንቀጽ መለወጥ ማለት ገጹን እንደገና መምታት ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ስቴንስሉን ከመንካታቸው በፊት ያነቡ ነበር። ይነታረኩ ነበር። ለጸሐፊዋ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ መልሱን በፖስታ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ያነባሉ። ላንግሳም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ነው። የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ ለስፖካናሊያ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል፣ ስፖክን ሆኖ የተወነው ሌናርድ ኒሞይም ጽፏል። በስንፍና የተዘጋጀ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? እናንተ ግን ስህተት ለማጥፋት አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። እሱን ነው እንቢ የምትሉት!

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ለታሪኩ ብቻ አንብቡ፤ የት እንደሰለቻችሁ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ከተከታታዩ ጋር አስተያዩ፦ ማዕረጉ፣ መሣሪያው፣ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ። በመጨረሻ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ድምፅ አውጥቶ ሲነበብ የሞተ ሰው ቡና አይጠጣም። ጓደኛችሁ ይቀየም ይሆናል። ይቀየም። ታትሞ ሲሳቅበት ከሚቀየም አሁን ይሻላል።

በተቃራኒው፣ ሳይጠይቁ መጨረሻውን የሚቀይሩ አዘጋጆችም አሉ። ይኼ ደግሞ ድፍረት ነው። ነጠላ ሰረዝ ለማስተካከል ማንንም አትጠይቁ፤ ማን እንደሚሞት ለመወሰን ግን ባለቤቱን ጠይቁ።

ላልተወለደ ልጅ ገንዘብ መሰብሰብ

ታሪኮቹ እጃችሁ ሳይገቡ ከአንባቢ ገንዘብ አትቀበሉ። ቅድሚያ ክፍያ የፋንዚን ዓለም የቆየ ቁስል ነው። አዘጋጁ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ይታመማል፣ ሥራ ይቀይራል፣ የወረቀት ዋጋ ይጨምርበታል። ለከፈለው ሰው ግን ልዩነት የለውም። ዋጋ ከመቁረጣችሁም በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ ከነፖስታው ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚከስረው በሕትመቱ ሳይሆን በፖስታው ነው።

«ትርፍ ስለሌለው ማንም አይነካንም»

ትርፍ አለመፈለግ ጥሩ ነው፣ ግን የሕግ መከላከያ አይደለም። ሰዎቹና መርከቧ የኩባንያ ንብረት ናቸው። ፋንዚኖች ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት ባለንብረቱ ዝም ስላለ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ውል አይደለም። በ1981 ሉካስፊልም የስታር ዋርስ ፋንዚን አዘጋጆችን የወሲብ ይዘት ያለውን ታሪክ አንፈልግም ብሎ በደብዳቤ አስጠንቅቋል። ስታር ትሬክም ቢሆን በ2015 መጨረሻ ባለንብረቶቹ ሲቢኤስና ፓራማውንት «አክሳናር» የተባለውን የአድናቂዎች ፊልም ከሰውታል። ፊልሙ ከሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለአድናቂ ፊልሞች ደንብ ወጣ፤ አንዱ ክፍል ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይላል። ደንቡ ለፊልም እንጂ ለጽሑፍ አይደለም፤ ግን ገንዘብ ሲበዛ ዓይን እንደሚበዛ ያሳያል። የሕትመትና የፖስታ ወጪያችሁን ብቻ ጠይቁ፣ የተከታታዩን ባለቤት በመጀመሪያው ገጽ ግለጹ፣ የኩባንያውን ዓርማ ሽፋን ላይ አትለጥፉ።

የአዋቂ ነገር

ታሪኩ ለአዋቂ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ጻፉት። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ዕድሜውን የሚያረጋግጥ ፊርማ ካልላከ ሰው ጋር አይገበያዩም ነበር።

ለአራት የማይካፈል ገጽ

መሃሉን በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። 46 ገጽ ይዞ ማተሚያ ቤት ሄዶ የሚጨቃጨቅ ግን አይጠፋም! በጣም ከወፈረ ደግሞ አይታጠፍም፣ የመሃሉ ገጾች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ለሁለት ክፈሉት ወይም በሌላ መንገድ ጠርዙት።

ቀን የሌለው፣ ስም የበዛበት

እኔ አሮጌ ፋንዚን እሰበስባለሁ። ስንቱ ነው ዓመት የሌለው! አንዳንዱን የማውቀው ጀርባው ላይ ካለው የፖስታ ማኅተም ነው። ዛሬ አይዋ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ፋንዚኖችን እንደ ታሪክ ሰነድ ያስቀምጣሉ። የናንተም አንድ ቀን እዚያ ይገባ ይሆናል። ቀን፣ የእትም ቁጥር፣ ከተማ ጻፉ። አንድ መስመር ነው።

የሰው ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ምክንያት አለው። አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ አለቃውም፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹም እንዲያውቁበት አይፈልግ ይሆናል። እውነተኛ ስሙን በምስጋና ገጽ ላይ «በፍቅር» ያወጡበትን ሰው አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ለጸሐፊና ለሠዓሊ ቅጂ አለመላክ

የጻፈውም የሣለውም ሰው አንድ ቅጂ በነፃ ይገባዋል። ከሽያጩ በፊት ነው የሚላከው። ሠዓሊዎቹን በተለይ የሚረሳ አዘጋጅ ብዙ ነው፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ደብዳቤ የማይቀበል መጽሔት

ያለ ክፍያ የጻፈ ሰው ደመወዙ የአንባቢ አስተያየት ነው። የድሮ ፋንዚኖች ላይ የደብዳቤው ገጽ አንዳንዴ ከታሪኮቹ ይበልጥ ያስቃል፤ አንዱ እትም ላይ የተጀመረ ክርክር በሚቀጥለው ይጦፋል። አሁን የሚመጡልኝ ላይ ግን መጻፊያ አድራሻ እንኳ የለም። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ወይም ኢሜይል አስቀምጡ፣ የራሳችሁን የቤት አድራሻ አታውጡ። በሚቀጥለው እትም ቢያንስ ሁለት ገጽ ለደብዳቤ ያዙ። ስድብ ካልሆነ የማይጥማችሁንም አትሙት። «ስፖክ እንዲህ አይልም» ብሎ ሦስት ገጽ የጻፈላችሁን ሰው ደግሞ መልሳችሁ ጻፉለትና ታሪክ እንዲልክ ጠይቁት።