ወደ ላውበርሆርን በባቡር፦ ከጓደኞች ጋር ስትሄዱ ቀኑን የሚያበላሹ ስህተቶች

ትስቫይሉቺነን ላይ ባቡሩ ሲቆም ስድስት ነበርን። ሲነሳ አራት ቀረን።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ላውበርሆርን የሚባለውን የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ለማየት እየሄድን ነበር። ጠዋት ኢንተርላከን ኦስት ጣቢያ ላይ ስንሳፈር ፉርጎው ጢም ብሎ ነበር። ሁለቱ ጓደኞቻችን "እዚያ ማዶ ቦታ አለ፣ ስንደርስ እንገናኝ" ብለው ወደ ሌላ ፉርጎ ሄዱ። እኛም እሺ አልን። ያላወቅነው ነገር ባቡሩ መንገድ ላይ ለሁለት እንደሚከፈል ነው። ትስቫይሉቺነን የምትባለው ትንሽ ጣቢያ ላይ ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ደግሞ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ደውለው "የት ናችሁ? እናንተን ፈልገን አጣናችሁ" ሲሉን እነሱ በሌላ ሸለቆ ውስጥ ሽቅብ እየወጡ ነበር። ተመልሰው ውድድሩ የሚካሄድባት ቬንገን እስኪደርሱ ድረስ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ወርደው ጨርሰው ነበር። አንደኛው ለዚህች ቀን ብሎ ወራት ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም የቆየ ልጅ ነው። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ውድድር በባቡር ለሚሄድ ሰው ሁሉ ቁጭ ብዬ እነግራለሁ። አሁን ደግሞ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ውድድሩ ጥቂት። ላውበርሆርን በስዊዘርላንድ ቬንገን መንደር በየጃንዋሪው የሚካሄድ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ አለ። ዋናው የቁልቁለት ውድድር ነው፤ ሰዉ ዳውንሂል የሚለው። ኮርሱ ወደ 4.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ ከእሱ የሚረዝም የለም። ተወዳዳሪው ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በሙሉው ኮርስ ፈጣኑ ሰዓት ጣሊያናዊው ክሪስቲያን ጌዲና እ.ኤ.አ. በ1997 ያስመዘገበው 2 ደቂቃ ከ24.23 ሴኮንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊው ዮሃን ክላሬ ሃኔግሹስ በሚባለው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር በርሯል።

ቬንገን ውስጥ መኪና የለም። 1,300 ያህል ነዋሪ ያላት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከላውተርብሩነን ወደ እሷ የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1893 ሥራ የጀመረ ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚወጣ ባቡር ነው። ቅዳሜ፣ የዳውንሂሉ ዕለት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዚያች ባቡር ላይ ይተማመናል። ስለዚህ ቀኑ የሚያምረውም የሚበላሸውም ባብዛኛው ጣቢያ ላይ ነው።

ፉርጎን ሳያዩ መሳፈር

ከላይ የነገርኳችሁ ነው፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ኢንተርላከን ኦስት ላይ ባቡሩ ሲመጣ ሕዝቡ ወደ ቅርቡ በር ይግተለተላል። እናንተ ግን ቀና ብላችሁ ፕላትፎርሙ ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ፉርጎው ላይም የሚሄድበት ቦታ ተጽፏል። "ላውተርብሩነን" የሚል ካላያችሁ አትግቡ። ገብታችሁ ቦታ ካጣችሁም አብራችሁ ቁሙ። ጉዞው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 20 ደቂቃ መቆም ማንንም አይጎዳም።

ተሳስታችሁ በግሪንደልቫልዱ ክፍል ከተቀመጣችሁ ትስቫይሉቺነን ላይ ውረዱና ወደ ትክክለኛው ፉርጎ ሮጡ። ካመለጣችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ከግሪንደልቫልድ በክላይነ ሻይዴግ በኩል ተራራውን ዞሮ ቬንገን የሚያደርስ ሐዲድ አለ። መንገዱ በጣም ውብ ነው። ግን ረጅም ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል፤ ለውድድር የሚቸኩል ሰው ውበቱን የሚያይበት ዓይን አይኖረውም።

ኢንተርላከን ሲባል መውረድ

ከበርን የሚመጣው ባቡር መጀመሪያ የሚቆመው ኢንተርላከን ቬስት ላይ ነው። ድምፅ ማጉያው "ኢንተርላከን" ሲል ግማሹ ሰው ቦርሳውን ያነሳል። አትነሱ። የተራራው ባቡር የሚነሳው ቀጥሎ ካለው ከኢንተርላከን ኦስት ነው። ከበርን እስከዚያ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ስለዚህ እንቅልፍ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ አጠገቡ ንቁ ሰው አስቀምጡ።

የሰዓት አቆጣጠር

በአማርኛ የምንግባባ ጓደኛሞች ዘንድ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። አንዱ ግሩፑ ላይ "ሁለት ተኩል ጣቢያ እንገናኝ" ብሎ ይጽፋል። ግማሹ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ይረዳዋል፣ ግማሹ ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ያስባል። የስዊዝ ባቡር ደግሞ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጠቀመው፣ የሚነሳውም በደቂቃው ነው። ሰዓት ስትጽፉ ከባቡሩ ሰሌዳ ላይ እንዳለ ገልብጡ፦ "08:34" ብላችሁ። "አካባቢ" የሚለውን ቃልም ለዚያ ቀን ተውት።

ሁሉንም ትኬት በአንድ ስልክ ላይ መያዝ

ቡድን ሲሆን አንድ ትጉህ ሰው አይጠፋም። ለሁሉም ትኬት ይገዛል፣ በስልኩ ይይዛል፣ ሌላው ተዝናንቶ ይሄዳል። እስኪለያዩ ድረስ ጥሩ ነው። ያ ሰው ወረፋ ውስጥ ሲቀድማችሁ፣ ወይም ስልኩ በብርድ ሲዘጋበት፣ አምስት ሰው ያለ ትኬት ይቀራል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ትኬት በራሱ ስልክ ይያዝ። ወረቀት ላይ የታተመ ቢኖር ደግሞ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ!

ስለ ትኬት ዓይነትም አንድ ነገር። በስዊዘርላንድ የተለመደው ትኬት በዚያ ቀን በመስመሩ ላይ በፈለጋችሁት ባቡር ያስኬዳችኋል። ርካሹ የቅናሽ ትኬት ግን ከተወሰነ ባቡር ጋር የታሰረ ነው። ለመሄጃ ግዙት፤ የጠዋቱን ሰዓት ታውቁታላችሁና። ለመመለሻ አልመክርም። ከቬንገን ስንት ሰዓት ላይ እንደምትወርዱ ወረፋው ነው የሚወስነው።

ለጎብኚ የሚሸጠውን የስዊዝ ትራቭል ፓስ የያዛችሁ እስከ ቬንገን ድረስ ይሠራላችኋል። ከቬንገን በላይ ላለው ግን ተጨማሪ ይከፈላል። የውድድሩ መግቢያ ትኬትም ባቡርን ያካትት እንደሆነ ስትገዙት አንብቡ፤ ገምታችሁ አትሂዱ።

ለብርዱ ጃኬት ብቻ ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ።

በበረዶ ላይ ሦስት አራት ሰዓት ትቆማላችሁ። መራመድና መቆም አንድ አይደለም። የሚራመድ ሰው ሰውነቱ ሙቀት ያመነጫል። የቆመን ሰው ግን በረዶው ከታች በጫማው በኩል ሙቀቱን ይመጠዋል። መጀመሪያ የእግር ጣት ይቆረጥማል፣ ከዚያ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ሰውየው "እንሂድ" ማለት ይጀምራል። አንድ ሰው እንሂድ ካለ ቡድኑ ተበተነ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጫማው በወፍራም የሱፍ ካልሲ ላይ ተደርጎ ጣት የሚያንቀሳቅስ ይሁን። ሁለት ሦስት ካልሲ ደርባችሁ ጠባብ ጫማ ውስጥ ከጠቀጠቃችሁ ደም አይዘዋወርም፤ ከአንድ ካልሲ የባሰ ይበርዳል። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዛል፣ ከያዘም አይደርቅም። ደግሞ አንድ ቁራጭ ካርቶን ወይም የስፖርት ምንጣፍ ይዛችሁ ሂዱና ከእግራችሁ ሥር አንጥፉት። እኔ በመጀመሪያው ቀን አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት ካርቶን ላይ ቆመው አየሁ። ግማሹን ቀደው ሰጡን። ተራ እየገባን ቆምንበት፤ ልዩነቱ ወዲያው ነው የሚሰማው።

ሌላው ስህተት የሚፈጸመው ባቡሩ ውስጥ ነው። ፉርጎው ሞቃት ነው፣ ሰው ተጨናንቋል፣ ሁላችንም ጃኬታችንን እስከ አንገት ዘግተን እንቀመጣለን። ሰውነት ያልባል። ከዚያ በዚያ ላብ ወደ ብርዱ እንወጣለን። ሲሳፈሩ ጃኬትና ኮፍያ አውልቁ፤ ከመድረሳችሁ ሁለት ደቂቃ በፊት መልሳችሁ ልበሱ።

የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይዳከማል። 40 በመቶ እያለው ድርግም የሚል ስልክ አለ። ስልኩን ከውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ ባለ ኪስ ያዙት። ፓወር ባንኩንም እንደዚያው። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ። መጠጥ ያሞቃል የሚባለው አሳሳች ነው፤ አልኮል ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው ሙቀት ይሰማል፣ የውስጡ ሙቀት ግን ይወጣል።

የሚቆሙበትን ቦታ እዚያ ደርሶ መወሰን

ስድስት ሰው በረዶ ላይ ቆሞ "የት እንሂድ?" ሲባባል ያለውን ነገር አይቻለሁ። ማንም ደስ አይለውም። ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።

መጨረሻው መስመር ጋ ከቆማችሁ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ሰዓቱን ታያላችሁ፣ ሕዝቡ ሲጮህ አብራችሁ ትጮኻላችሁ። ተወዳዳሪው እግሩ ዝሎ እየተንቀጠቀጠ የመጨረሻውን ጥምዝ ሲታገል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከቬንገን ጣቢያም በእግር ይደረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን የምመክረው ይህንን ነው።

ሁንድሾፕፍ ግን ሌላ ነገር ነው። በቋጥኞች መካከል የሚዘለልባት ጠባብ ቦታ ናት። ተወዳዳሪው ከቋጥኙ ጫፍ ብቅ ሲል አየር ላይ ነው። ድምፁ ይቀድማል፤ የሸርተቴው ብረት በረዶውን ሲቦጭቀው ጨርቅ እንደሚቀደድ ይሰማል። ከዚያ ሽው ይላል፣ አለፈ። አንዱን ሰው የምታዩት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያቺን ጥቂት ሴኮንድ እስካሁን አልረሳኋትም። ወደዚያ ለመሄድ ከቬንገን በላይ እስካለው ቬንገርንአልፕ ጣቢያ ድረስ በባቡር መውጣትና በበረዶ ላይ መራመድ አለ። ጉልበቱ ደህና ላልሆነ ጓደኛ አይሆንም።

ቫሰርሽታትሲዮን የሚባል ቦታም አለ። ተወዳዳሪዎቹ እዚያ በባቡሩ ሐዲድ ሥር ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሾልከው ያልፋሉ። ባቡር ወዳጅ ከሆናችሁ ይህን ማየት ያስደስታችኋል።

ፍላጎታችሁ ከተለያየ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም አንድ ቦታ ይቁም ብሎ ማኩረፍ አያስፈልግም። ብቻ የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት በቃል ተስማሙ። በዚያ ሕዝብ መካከል ኔትወርክ ሊጨናነቅ ይችላል፣ ሜሴጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። መገናኛው ደግሞ ጣቢያው በር ላይ አይሁን። እዚያ ግፊያ ነው፤ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንኳ አታዩትም።

ውድድሩ የግድ ይካሄዳል ብሎ ማሰብ

ተራራ ነው። በረዶ በዝቶ ሊጥል ይችላል፣ ጭጋግ ሊወርድ ይችላል፣ ነፋስ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳውንሂሉ በበረዶ ምክንያት ተሰርዟል። በ2021 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ቬንገን ላይ ጨርሶ አልተካሄደም። አንዳንድ ጊዜ መነሻው ወደ ታች ወርዶ ኮርሱ ያጥራል። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ የውድድሩን ማስታወቂያ እዩ።

ቅዳሜ ብቻ ነው ብላችሁም አትድረቁ። እሑድ የስላሎም ውድድር አለ፤ በተተከሉ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወረድበት። ሁለት ዙር ነው፣ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ብዙውን ኮርስ ታያላችሁ፣ ግፊያውም ከቅዳሜው ይቀንሳል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቡድን እሑድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁሉም ሲሄድ መሄድ

አሸናፊው ሲታወቅ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። ባቡሩ ደግሞ በአንዴ የሚጭነው የተወሰነ ነው። ላብ የነካው ካልሲ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ስትገባ፣ ወረፋ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆም የቀኑ ከባዱ ክፍል ነው።

ከፊት የተነሱት ወርደው ሲያልቁ ቀድሞ የሚሄድ ሰው አለ። አልወቅሰውም። ግን ከኋላ የሚነሱትንም እዩልኝ። ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ወጣቶች ናቸው፤ ኮርሱ በሌሎች ሸርተቴ ተቆፍሮ እያለ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳሉ። ማጨብጨብ ይገባቸዋል።

እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ መንደሩ ውስጥ እንቆያለን። ሞቅ ያለ ቦታ ገብተን እንበላለን፣ ካልሲ እንቀይራለን፣ ያየነውን እየተቀባበልን እናወራለን። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይተን ወደ ጣቢያው ስንሄድ ወረፋው ቀልሎ ይጠብቀናል። ወደ ላውተርብሩነን በእግር እንውረድ የሚል ጓደኛ ካለ አትስሙት። መንገዱ አለ፣ ግን ወደ 480 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፤ በጃንዋሪ ሲመሽ በረዶው ይጠጥርና መስታወት ይሆናል።

ከመቆየታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ከኢንተርላከን ኦስት ወደ ከተማችሁ የሚያደርሳችሁ የመጨረሻ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ። ከእሱ በፊት ያለውን ለመያዝ ተነሱ፤ የመጨረሻው መጠባበቂያ ይሁናችሁ።